ብስክሌት ለማጠብ ግማሽ ባልዲ ይበቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ይህን የምጽፈው በየጊዜው የማየው ነገር ስለሚያናድደኝ ነው።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ተራችን ሲደርስ እናቶች ከሌሊት ጀምረው ጀሪካን ይደረድራሉ። እዚያው ጎን አንዱ ጎረምሳ የውሃ ጎማ ሰክቶ ብስክሌቱን ያጥባል፤ ስልክ ሲደወልለት እንኳ ቧንቧውን አይዘጋም። ደህና ግፊት ያለው ቧንቧ በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ይለቃል። ሩብ ሰዓት ከፈሰሰ 150 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ሰባት ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል።

ደግሞ ብስክሌቱንም ይጎዳዋል። በግፊት የሚረጭ ውሃ ሞዞው (የቸርኬው መሃል) እና ፔዳሉ ውስጥ ይገባል። ግራሶውን ያጥበዋል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። ባለቤቱ "ይንቋቋብኛል" ብሎ ሲያመጣልኝ ፈትቼ የማገኘው ዝገት ነው። ለዚህ ገንዘብ መቀበል ደስ አይለኝም።

ጭቃ ከሆነ መጀመሪያ ይድረቅ። በደረቅ ብሩሽ ሲመታ አብዛኛው ይረግፋል። ካቴናውን ናፍታ በነካ ጨርቅ ያዙና ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩት፤ ናፍታው ጎማውንና የፍሬኑን ላስቲክ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከዚያ ግማሽ ባልዲ ውሃና ጥቂት ሳሙና ይበቃል። ከማኑብሪዮው ጀምሩ፣ ወደ ቴላዮው (ወደ ዋናው የብስክሌቱ ብረት) ውረዱ፣ ቸርኬውን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ቆሻሻው ያለው እዚያ ነው። በደረቅ ጨርቅ አብሱና ካቴናውን ዘይት አጠጡት፤ የተረፈውን ጥረጉት። ውሃው ንጹሕ ባይሆንም ግድ የለም። ልብስ የተለቀለቀበት የመጨረሻው ውሃ ይሠራል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ውሃ ሲያባክን ብዙ ሰው የማያየው የሽንት ቤት ታንከር ነው። ድምፅ ሳያሰማ ቀንና ሌሊት ያፈሳል። ማታ ጥቂት እርድ በጥብጡና ታንከሩ ውስጥ ጨምሩ። ውሃ ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ እዩት። መቀመጫው ውስጥ ቢጫ ከታየ ላስቲኩ አልቋል፤ ለመቀየር ውድ አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ አሸንዳ ይኑራችሁ። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 30 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 300 ሊትር ወረደ፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ሞልቶ ይፈሳል። ለልብስም፣ ለወለልም፣ ለብስክሌትም ይሆናል።

ይህን ስናገር "ጣና አጠገባችን እያለ ምን አስጨነቀህ?" የሚሉኝ አሉ። ብስክሌትና ባጃጅ ሐይቁ ዳር ወስደው የሚያጥቡም አሉ። ዘይቱ፣ ናፍታው፣ ሳሙናው ተያይዞ ዓሣ አስጋሪ መረብ የሚጥልበት ውሃ ውስጥ ይገባል። ጣና በእምቦጭ የደረሰበት አይበቃውም?

እነዚያን ሐይቁ ዳር የሚያጥቡ ወጣቶች ግን ማባረር ብቻ አይጠቅምም፤ እንጀራቸው ነው። ዛሬ ቢባረሩ ነገ ትንሽ ራቅ ብለው ያጥባሉ። የከተማው አስተዳደር ከሐይቁ የራቀ፣ የዘይት ማጥለያ ጉድጓድ ያለው ማጠቢያ ቢሠራላቸው ይከፍሉበታል። አንዳንዶቹን ጠይቄያቸው እሺ ብለውኛል። ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለሚመለከተው ክፍል እንዲያቀርብልን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ብስክሌት ጠጋኙ፣ ከባሕር ዳር