ግልጽ ደብዳቤ፦ የገጠር ጠመንጃ ሠሪዎችን በስም ሳይሆን በሙያ መፈለግ እንዲቻል

ለአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ዋና ኃላፊ
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ የ1820 እና ከ1850 እስከ 1880 የተሞሉ የኢንዱስትሪ ቆጠራ ቅጾችን ይመለከታል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

የተከበሩ ዋና ኃላፊ፣

እንደ ኮልትና ዊንቸስተር ያሉ ትልልቅ የጠመንጃ ፋብሪካዎች ታሪክ ተቆርቋሪ አጥቶ አያውቅም። እኛ የምንጽፍልዎ በፔንሲልቬንያ፣ በኦሃዮና በቴነሲ ገጠሮች በአንዲት ክፍል ውስጥ ወናፍ እየነፉ ጠመንጃ ስለሠሩት ሰዎች ነው። የኩባንያ መዝገብም ሆነ የዋጋ ካታሎግ አልተዉም። ብዙዎቹ በአፈሙዙ ላይ የቀረጹት ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ጭራሽ ያልፈረሙም አሉ። ስለዚህ ፈላጊው ሲነሳ በእጁ ያለው ሙያውና አካባቢው እንጂ ስም አይደለም። የስም ማውጫ ደግሞ ስሙን አስቀድሞ ላላወቀ ሰው አይከፈትም።

መሣሪያው ላይ የተጻፈውም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። የመተኮሻው ክፍል ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝ፣ ከበርሚንግሃም፣ ተሠርቶ የመጣ ነው፤ በዚያ ብረት ላይ ያለው ስም የፋብሪካው ወይም የነጋዴው ሊሆን ይችላል። ሠሪውን ለመለየት የአፈሙዙን የላይኛውን ገጽ አይቶ ወደ ወረቀት መሄድ የግድ ነው።

ወረቀቱ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። እስከ 1840 ድረስ የሕዝብ ቆጠራው በስም የመዘገበው የቤቱን አባወራ ብቻ ነው። ነፃ ሰው ሁሉ በስም የተጻፈው፣ ዕድሜያቸው ከ15 በላይ የሆኑ ወንዶችም ሙያቸው የተመዘገበው ከ1850 ጀምሮ ነው። እዚያም ቆጣሪው የአባትየውን ሙያ ሙሉውን ጽፎ ለልጁና ለተለማማጁ «እንደ ላይኛው» የሚል ምልክት ብቻ ያኖራል። ማውጫ አዘጋጁ ምልክቱን ካለፈው ሁለቱ ሠራተኞች ሙያ አልባ ሆነው ይቀራሉ። ተጣድፎ የተጻፈ «ገን ስሚዝ» ደግሞ በቀላሉ «ቲን ስሚዝ» ተብሎ ይነበባል፤ ጠመንጃ ሠሪው ቆርቆሮ ሠሪ ሆኖ ያርፋል። በባርነት ሥር ሆነው ይህን ሙያ የሠሩት ሰዎች ነገር ከሁሉ ይከፋል። የ1850 እና የ1860 የባሪያ ቅጾች በባለቤቱ ስም ሥር ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም እንጂ ስማቸውን አይዙም። የእነሱን ስም ከባለቤቱ የውርስ ንብረት ዝርዝር ወይም በጋዜጣ ከወጣ የኮበለለ ሰው ማስታወቂያ መፈለግ ግድ ይላል።

ለእኛ ሥራ እጅግ ሀብታሙ ሰነድ የኢንዱስትሪ ቅጹ ነው። የ1850ው ቅጽ የባለሙያውን ስም፣ ካፒታሉን፣ የገዛውን ጥሬ ዕቃ በዓይነት፣ በመጠንና በዋጋ፣ የሠራተኞቹን ቁጥርና ደመወዝ፣ በእጅ ይሥራ በውኃ ኃይል፣ በመጨረሻም እስከ ሰኔ 1 ቀን በነበረው አንድ ዓመት ምን ያህል እንዳመረተ ይነግራል። በጥሬ ዕቃው ዓምድ ብረትና ከሰል ከተጻፈ ሰውየው አፈሙዙን ራሱ ሳይቀጠቅጥ አይቀርም። ያለቀለት አፈሙዝ ገዝቶ ከሆነ ግን ሥራው እንጨቱን መጥረብና መገጣጠም ነው። ይህን ልዩነት በዚህ ግልጽነት የሚያሳይ ሌላ መዝገብ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ቅጹ የሚይዘው በዓመት 500 ዶላርና ከዚያ በላይ ያመረተውን ብቻ ነው። አንዱን ጠመንጃ በ12 ዶላር የሚሸጥ ሰው እዚያ ለመግባት በዓመት 42 መሥራት ነበረበት። ስለዚህ ከቅጹ መታጣት ጠመንጃ ሠሪ አለመሆንን አያረጋግጥም፤ ግማሹን ቀን የሚያርስ ባለሙያ ከመስመሩ በታች ይቀራል።

በ1836 የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) ቢሮው ቃጠሎ የበላውን፣ በ1921 ደግሞ ከ1890 ቆጠራ እሳቱ ያጠፋውን ማንም አይመልሰውም። እነዚህ ቅጾች ግን ተርፈዋል። የ1820ው በእናንተ ዘንድ ነው፤ ከ1850 እስከ 1880 ያሉት በ1918 እና 1919 ለየግዛቱ ቤተ መጻሕፍትና ለሌሎች ተቋማት ተከፋፈሉ፤ ብዙዎቹም በማይክሮፊልም (ገጾቹ አንሰው በተነሱበት ፊልም) ቅጂ ወደ እናንተ ተመልሰዋል። በጥቁርና ነጭ ፊልም የደበዘዘ ቀለምና የወረቀት እድፍ አይለዩም፤ ከጀርባው የሰረገ ጽሑፍም ስርዝ ይመስላል። በጥራዙ ስፌት በኩል ያለው ዓምድ ደግሞ አንዳንዴ በግማሽ ይቆረጣል።

ስም ከተገኘ በኋላ ማመሳከሪያው በየካውንቲው (ከግዛት በታች ባለው አስተዳደር) ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ፈላጊ ይሳሳታል። ሰውየው ከቤቱ ሳይነቃነቅ ካውንቲው ይቀየርበታልና። በሊባኖን ከተማ፣ ፔንሲልቬንያ፣ አንድ ቦታ ላይ የኖረ ባለሙያ እስከ 1785 ሰነዱ በላንካስተር፣ ከዚያ እስከ 1813 በዶፊን፣ ከዚያ ወዲህ በሊባኖን ካውንቲ ይፈለጋል። ላንካስተር ላይ ስሙ ስለጠፋ «ወደ ምዕራብ ተሰደደ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። በእናንተ ዘንድ ያለው የ1798 የፔንሲልቬንያ የቀጥታ ግብር መዝገብ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ያሉትን ሌሎች ቤቶች ስለሚዘረዝር፣ የጠመንጃ መሥሪያውን ቤት ስፋት በጫማ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ሲሞት የተጻፈው የንብረት ዝርዝር ደግሞ ጥርጣሬውን ይዘጋል፤ መስፍ፣ ሞርሳና ሞረድ ማንኛውም አንጥረኛ ቤት ይገኛሉ፤ በአፈሙዝ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ የሚቀረጽበት መሣሪያ ግን የጠመንጃ ሠሪ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ዋናው ወረቀት ያለበት ቅጽ ሁሉ ከፊልሙ ሳይሆን ከራሱ፣ በቀለም፣ ሁለቱም ገጾች እስከ ስፌቱ ድረስ ተዘርግተው ይነሳ። የሙያና የጥሬ ዕቃ ዓምዶች እንደተጻፉ ተገልብጠው በማውጫ ይግቡ፤ የፊደል አጻጻፍ አይስተካከል፤ የጀርመን ስሞች በየመዝገቡ የተጻፉበት መንገድ ራሱ ማስረጃ ነውና። «እንደ ላይኛው» የሚለው ምልክት ተፈትቶ ይጻፍ፤ የተፈታ መሆኑም ይጠቆም። የየትኛው ግዛት የየትኛው ዓመት ቅጽ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አንድ ወጥ መግለጫ ይውጣ፤ የጠፋው ዓመትም «ጠፍቷል» ተብሎ ይገለጽ። ከየት እንጀምር ከተባለ የ1850ው የፔንሲልቬንያ ቅጽ ይቅደም፤ በዚያ ግዛት የግብርና የውርስ መዝገቦች በብዛት ስለተረፉ የማውጫው ትክክለኛነት ቶሎ ሊፈተሽ ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፔንሲልቬንያ ግዛት ቤተ መዛግብት