«ውሃስ አይጠማውም?»፦ የሥነ ተዋልዶ ጤና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን ክበብ ዘንድሮ ስለ ጡት ማጥባት ለመሥራት ሲነሣ «ለልጆቹ አልፈጠነም?» ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። እኔ አልፈጠነም ባይ ነኝ። ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማ ናት፤ እዚያ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከትምህርት ገበታ ከተነሡ ብዙ ያልቆዩ ወጣት ሴቶች ናቸው። የተማሪዎቻችን እኅቶችም አሉባቸው።

ኅዳር ላይ አባላቱ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍሎች መጠይቅ በተኑ። ሕፃን እስከ ስንት ወር የእናት ጡት ብቻ እንደሚጠባ ሲጠየቁ አብዛኞቹ «6 ወር» ብለው በትክክል መለሱ። እነዚያው ልጆች በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ውሃ ቢሰጠው ችግር የለውም አሉ። ከወንዶቹ ብዙዎቹ የሴት ጉዳይ ነው ብለው ወረቀቱን ባዶውን መለሱት። የመለሱት ልጆች ቁጥሩን ሸምድደውታል፤ ምክንያቱን ግን የነገራቸው አልነበረም።

ስለዚህ መፈክሩን ትተን ወደ ባዮሎጂው ገባን። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ በዚህ ሙቀት ውሃስ አይጠማውም?» አለ። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነበር። የእናት ወተት ከ100 እጅ 87 ያህሉ ውሃ ነው፤ ሕፃኑ ሲጠማው ጡት ይበቃዋል። ውሃ ከተሰጠው ግን ትንሿ ሆዱ ትሞላና ጡቱን ይተዋል። ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ጡት ሲጠባ ስለሆነ፣ ያልተጠባ ጡት ወተቱ ይቀንሳል። ውሃው ንጹሕ ካልሆነማ ተቅማጡ አለ።

ከዚያ አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ ላክናቸው፤ ለመውቀስ ሳይሆን ለመስማት። በየቤቱ የተገኘው ወሬ ተቀራራቢ ነው፦ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት ታልቦ ይደፋል፣ አራስ ልጅ ቅቤ ይውጣል። አንዲት አባላችን ግን ያንኑ ለአያቷ መልሳ «እማማ፣ ጥጃውንስ እንገሩን፣ የላሟን የመጀመሪያ ወተት፣ ትከለክሉት ነበር?» ብላ ጠየቀች። አያቷ ጥጃው እንዳይሞት እንገሩን መጥባት እንዳለበት አጥብቀው ነገሯት። የእናት እንገርም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የሞሉበት ነው፤ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ የሚባለው ለዚህ ነው።

መጋቢት ላይ ድራማ ሠራን። የአባወራውን ክፍል የተጫወተው ወረቀቱን ባዶ ከመለሱት አንዱ ነው። ስኳር ውሃ ይዘው የመጡ ጠያቂዎችን በአክብሮት ሲመልስ፣ ለአራሷ ገንፎ ሲያገነፋ ሜዳው ሙሉ አጨበጨበ።

ያልተፈታው ጥያቄ የሥራው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ተማሪዎቹ ቀንሰው «የቀረው ሦስት ወርስ?» አሉ። የጋበዝናት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወተት በእጅ አልቦ፣ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጦ፣ በሲኒ ማጠጣትን አሳየችን። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ሸክሙን በእናቲቱ ላይ ብቻ መጣል ግን ልክ አይመስለኝም። በመጪው ዓመት ክበቡ በየመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ መኖር አለመኖሩን ከወላጆች ጠይቆ በወላጆች ቀን ያቀርባል፤ አባቶችንም በየስማቸው እንጋብዛለን።