ደብዳቤ ለልጄ፦ መስታወት ስለሚቀዘቅዝበት መንገድ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለሕሊና፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽም ሰላምታዋን ታቀርባለች። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ጠፍጣፋ መስታወት እንዴት እንደሚሠራ ለመጻፍ ማሰብሽን፣ ነገር ግን ስለ እቶኑ ልጻፍ ወይስ ስለ ማቀዝቀዣው እያልሽ መቸገርሽን ከደብዳቤሽ ተረዳሁ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ሃያ ስምንት ዓመት መስታወት ስቆርጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሆኖም ምክሬን ከጠየቅሽኝ ማቀዝቀዣውን ምረጪ እላለሁ። ምክንያቱን ለመንገር ግን አንድ ያረጀ ውሸቴን ማረም አለብኝ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሽ ከትምህርት ቤት ወደ ሱቁ በመጣሽበት ቀን አንድ ደንበኛ የአሮጌ በር መስታወት አምጥቶ በጠረጴዛው ልክ እንድቆርጥለት ጠይቆኝ ነበር። አስምሬ ለመስበር ስጫነው መስታወቱ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ እንደ በቆሎ ፍሬ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ አንቺም ደንግጠሽ ከባንኮኒው ሥር ገባሽ። ያን ቀን «አርጅቶ ነው» አልሁሽ። እውነቱ ግን ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀትና በአየር እንዲጠነክር የተደረገ መስታወት መሆኑን ከማዕዘኑ ማኅተም ሳላይ መቁረጤ ነበር፤ ቴምፐርድ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ እንደማይቆረጥ ደግሞ ማንኛውም የሙያው ሰው ያውቃል።

እንዲህ ያለው መስታወት በመጀመሪያ እንደማንኛውም ተቆርጦ ጠርዙ ከተስተካከለ በኋላ ከ600 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ይሞቃል፤ ከዚያም በሁለቱም ፊቱ ብርቱ አየር ይነፋበታል። ላዩ ቀድሞ ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን ገና ትኩስ ስለ ሆነ ዘግይቶ ሲኮማተር ላዩን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ላዩ እንደ ታመቀ፣ ውስጡም እንደ ተወጠረ ይቀራል። የታመቀ ነገር በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ ስንጥቁ ወደ ተወጠረው ክፍል ከዘለቀ ግን የተጠራቀመው ኃይል ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ዴ ላ ባስቲ የተባለ ፈረንሳዊ በ1874 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ) ትኩስ መስታወት በሞቀ ዘይት ውስጥ እየነከረ የማጠንከሩን ዘዴ አስመዝግቦ ነበር።

እቶኑን መናቄ እንዳይመስልሽ። አሸዋ ብቻውን ለመቅለጥ ወደ 1,700 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ሶዳ አሽ የተባለው ነጭ ዱቄት ሲጨመርበት የሚፈልገው ሙቀት ይቀንሳል፣ የኖራ ድንጋይ ደግሞ መስታወቱ ውኃ እንዳያሟሟው ያጸናዋል። እንዲያም ሆኖ እቶኑ 1,500 ዲግሪ አካባቢ መንደድ አለበት። ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍሪድሪኽ ሲመንስ በ1856 ያስመዘገበው ፈጠራ በጭስ የሚባክነውን ሙቀት የሚመልስ ነው፤ ጭሱ ሲወጣ የተደረደሩ ጡቦችን ያግላል፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አቅጣጫው ይቀየርና ለእሳቱ የሚገባው አየር በእነዚያው ጡቦች መካከል አልፎ ይሞቃል። ዛሬም በብዙ ፋብሪካ የሚሠራበት ይኸው ነው።

መስታወት ጠፍጣፋና ጥርት ያለ እንዲሆን ያደረገው ግን የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የአላስተር ፒልኪንግተን ሐሳብ ነው። ከእርሱ በፊት መልክ የማያዛባ መስታወት የሚገኘው ሁለቱን ፊት በአሸዋ ፍቆ በማወልወል ስለ ነበር ብዙ ጉልበትና ብዙ መስታወት ይባክን ነበር። እርሱ በእንግሊዝ አገር በሴንት ሄለንስ ከተማ በ1952 የጀመረው፣ ቀልጦ የወጣውን መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ የማንሳፈፍ ሥራ ነው። ቆርቆሮ ስልሽ የቤታችንን ክዳን እንዳታስቢ፤ እርሱ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፣ እኔ የምለው ሬዲዮ ጠጋኞች ለብየዳ የሚጠቀሙበትን ለስላሳ ማዕድን ነው። ለምን እርሱ እንደ ተመረጠ ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መስታወቱ ወደ 1,100 ዲግሪ ግሎ ይገባል፤ በራሱ ክብደት ተንጣልሎ ሁለቱም ፊቱ ይስተካከላል፤ ቀስ በቀስ ቀዝቅዞ ወደ 600 ዲግሪ ሲወርድ በመሽከርከሪያዎች ላይ ሲያልፍ ምልክት እስከማይዝ ድረስ ይጠነክራል። ቆርቆሮው ደግሞ እስከ 232 ዲግሪ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ መስታወቱን ያለ አንዳች ጭረት ይለቀዋል። ቆርቆሮውን አየር እንዳያዝገው ከላዩ ናይትሮጅንና ጥቂት ሃይድሮጅን ይሞላበታል። ሥራው ሰባት ዓመት ፈጀ፤ ትልቁ መሣሪያ ከተተከለ በኋላ እንኳ ለ14 ወራት የማይሸጥ መስታወት ብቻ ወጣ፤ ለዓለም የተገለጸው በ1959 ነው። እኔ በእነርሱ ቦታ ብሆን በሦስተኛው ወር እተወው ነበር።

ከቆርቆሮው የወጣው መስታወት ገና አልተፈጸመም። በረጅም ዋሻ መሳይ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል፤ በተለይ 550 ዲግሪ አካባቢ ላዩና ውስጡ በእኩል እንዲቀዘቅዙ ዝግ ይደረጋል፤ ካልተደረገ ያልተፈለገ ውጥረት ይቀርበታል። እናትሽ የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የማታፈሰው ለምን እንደ ሆነ ታውቂያለሽ፤ ነገሩ ዘመዱ ነው። እኛ ቆራጮች ይህን ያለ መሣሪያ እናውቀዋለን፤ ዝግ ብሎ የቀዘቀዘ መስታወት መስመሩን ተከትሎ በአንድ ድምፅ ይለያል፣ ውጥረት የቀረበት ግን ካሰመርሽው ወጥቶ ወደ ጎን ይሸሻል። ስንቱን ውድ መስታወት በዚህ እንዳጣሁ እናትሽ ትነግርሻለች፤ ጥፋቱን ሁልጊዜ ከእጄ እቆጥረው ነበር።

ስለዚህ ያንኑ መስታወት አየር ከነፋንበት እንዳይቆረጥ ሆኖ ይጠነክራል፣ በዝግታ ካቀዘቀዝነው ለእጅ ይታዘዛል። ለጽሑፍሽ የሚሆነው ጥያቄ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ወንድምሽ ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር ስለሚመጣ በካርቶን ጠቅልዬ ሁለት ነገር ልኬልሻለሁ፤ አንዱ በጥሩ መስመር የተቆረጠ ባለ ስድስት ሚሊሜትር ስባሪ ነው፣ ሁለተኛው ከዚያ ከፈነዳው በር ያስቀመጥሁት አንድ እፍኝ ፍርፋሪ ነው። የስባሪው ጠርዝ ስለት ስለ ሆነ ስትፈቺው ተጠንቀቂ።

አባትሽ