ባዶ ነገር እንዴት ወደ ላይ ይወጣል ላልከኝ

የኔ ጌታ እንደምን ሰነበትክልኝ፣ እኛ ደህና ነን። ትናንት በስልክ ማታ ሰማይ ላይ ስለሚፈጠረው የፕላዝማ (ቻርጅ የያዘ ጋዝ) አረፋ ሳወራህ «እማ፣ ፕላዝማ የጎደለበት ቦታ ባዶ ከሆነ ምኑ ነው ወደ ላይ የሚወጣው» ስትለኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ ጥያቄህ ግን ሲከነክነኝ አደረ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ዝም ልልህ አልችልም።

መጀመሪያ ባዶ አይደለም። በውስጡ ያለው ፕላዝማ ከአካባቢው 10 እጥፍ፣ አንዳንዴ 1000 እጥፍ ያነሰ ነው እንጂ አለ። ፀሐይ ስትገባ አዮኖስፌር የሚባለው፣ ፕላዝማው ያለበት የላይኛው ሰማይ፣ ከሥሩ ቶሎ ይሟጠጣል፣ ከላይ ያለው ግን ሌሊቱንም ይቆያል፣ ስለዚህ ከባዱ በቀላሉ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ሽሮ ሲንተከተክ አይተህ የለ፣ ከድስቱ ሥር እፍ ብሎ የሚወጣውን? የአረፋው መልክ እሱን ይመስላል፣ የሚያነሳው ኃይል ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ጋ እንዳትሳሳት። በኛ ሰማይ የመሬት መግነጢሳዊ መስክ አግድም ተጋድሞ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው፣ የመሬት ስበት ከሱ ጋር ሆኖ አዮኖቹን፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን፣ ወደ ምሥራቅ ይገፋቸዋል፣ የሳሳው ቦታ ሲደርሱ ያ ሁሉ ከረንት ማለፍ አይችልም፣ ምዕራብ ግድግዳው ላይ ፖዘቲቭ ምሥራቅ ግድግዳው ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይጠራቀማል። በመሀል የኤሌክትሪክ መስክ ተፈጠረ! እሱና መግነጢሱ አንድ ላይ ሆነው ውስጥ ያለውን ፕላዝማ ሽቅብ ይወስዱታል፣ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ፣ ሲብስ ብዙ መቶ ሜትር። በወጣ ቁጥር ደግሞ ዙሪያውን ካለው ጋር ሆኖ ወደ ምሥራቅ ይንሳፈፋል። ፔሩ ሂካማርካ 18,432 አንቴና ያለው ራዳር አለ፣ ዉድማንና ላ ሆዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 በፈረንጆች ያወጡት ምስል ላይ ልክ እንደ ጭስ ሲትጎለጎል ይታያል።

ይሄን ስማር ያሰብኩት አያትህን ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሽቦውን ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር አስሮ ጆሮውን ራዲዮኑ ላይ ለጥፎ ዜና ሲሰማ የሰውዬው ድምፅ እርግብግብ ይልበታል፣ «እያፈኑት ነው» ይላል፣ እውነትም የሚታፈንበት ጊዜ ነበር፣ ያ መርገብገብ ግን በተለይ መስከረምና መጋቢት አካባቢ ከሆነ የራዲዮ ሞገዱን የሚያናውጠው፣ ከጭንቅላታችን በላይ የሚፈላው ሰማይ ሊሆን ይችላል። ይሄን ሳልነግረው ሞተብኝ።

ራዲዮኑ አሁንም አለ፣ ድንጋዩን ብቻ ነው የሚፈልገው። ለፋሲካ ስትመጣ አራት ትልልቁን ገዝተህ ና፣ ማታ በረንዳ ላይ አብረን እንሰማዋለን።

እናትህ