የዶሎሬስ ዌርታ ስም አይዘንጋ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ ላቲኖች (የዘር ሐረጋቸው ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ ዜጎች) የመብት ትግል ሲጻፍ የወንዶቹ ስም ብቻ ጎልቶ መነሣቱ ያሳዝነኛል። ዶሎሬስ ዌርታ የመምህርነት ሥራቸውን ትተው እ.ኤ.አ. በ1962 የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር ከመብት ታጋዩ ሴሳር ቻቬዝ ጋር ከመመሥረታቸውም በላይ፣ በ1965 በካሊፎርኒያዋ ዴላኖ የተጀመረው የወይን ለቃሚዎች አድማ ከአምስት ዓመት በኋላ በስምምነት ሲቋጭ፣ ከእርሻ ባለቤቶች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው የተደራደሩት እኚሁ የአሥራ አንድ ልጆች እናት ናቸው። «አዎ፣ ይቻላል» የሚለው ዝነኛ መፈክርም የእርሳቸው ነው። በ1988 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተቃውሞ ሰልፍ ላይ ሳሉ የፖሊስ ዱላ የጎድን አጥንቶቻቸውን ሰብሮ ጣፊያቸውን ክፉኛ ቢጎዳውም፣ አገግመው ወደ ትግሉ ተመልሰዋል፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 58 ነበር። ጋዜጣችሁ ስለ እርሳቸው ራሱን የቻለ ጽሑፍ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ