የሳይንስ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ውሃ የማይወደው መድኃኒት

የክበባችን የዓመቱ ሥራ የተነሳው ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። "ወባ ይዞኝ ኮአርተም ሲሰጡኝ ከወተት ወይም ከምግብ ጋር ውሰጂው አሉኝ። ለምን?" ሐዋሳ ላይ ወባን የማያውቅ ቤት ብዙም የለምና ሁሉም ጆሮውን ቀሰረ።

ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን የተባለ የወባ መድኃኒት ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ያልሟሟ መድኃኒት ደግሞ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ አይገባም፤ እንደተዋጠ ይወጣል። ስብ ሲያገኝ ግን ነገሩ ይለወጣል። በጤነኛ ሰዎች ላይ ሲጠና፣ ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከሚወሰደው 16 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ተማሪዎቹ ይህን በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ አነበቡት። ከዓመቱ ሥራችን ሁሉ የበለጠ ጥቅም ያለው ይህ ይመስለኛል። ኪኒኑን በባዶ ሆድ ውጦ የሚተኛ ስንት ሰው አለ!

ሙከራውን በመድኃኒት አልሠራንም፤ እርድ ያዝን። ኩርኩሚን የተባለው የእርድ ቢጫ ቀለምም ውሃ አይወድም። ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ ዱቄቱ ታች ይዘቅጣል። ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጠብ ሲደረግበት ግን ውሃው ራሱ ቢጫ ይሆናል። የሳሙና ሞለኪውል ውሃ የሚወድ ራስ እና ስብ የሚወድ ጅራት አለው። ጅራቶቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ሚሴል የምትባል ደቃቅ ኳስ ይሠራሉ፤ ኩርኩሚኑም መሃሏ ይገባል። መጠኗ በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው የሚለካው። መድኃኒትን ውስጣቸው ይዘው ከሚያጓጉዙት እንዲህ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ ከናኖ ተሸካሚዎች፣ ቀላሏ እሷ ናት። በልብስ ሳሙና የሞከረው ቡድን ደግሞ ቀይ ውሃ አገኘ፤ እርድ ቤዝ ሲነካው ይቀላልና፣ የ9ኛ ክፍሎች በዚያው ስለ አሲድና ቤዝ ተማሩ።

ከዚያ ወደ እውነተኞቹ መድኃኒቶች ተሻገርን። ካላ አዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ፣ በደቡቡ የአገራችን ክፍል፣ በኮንሶ አካባቢ ጭምር፣ የታወቀ ነው። አምፎቴሪሲን ቢ ያክመዋል፤ ግን ውሃ ውስጥ አይሟሟም። በሐሞት ጨው የሚሟሟው የቀድሞው ዓይነት ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል። ከ100 ናኖሜትር ባነሱ የስብ ከረጢቶች፣ በሊፖዞም፣ ሲጫን ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል። የካንሰር መድኃኒቱ ፓክሊታክሴልም ለረጅም ጊዜ የሚሟሟው ከጉሎ ዘይት በሚሠራ ፈሳሽ ነበር፤ ፈሳሹ በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ከባድ አለርጂ ያስነሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 አልቡሚን በተባለ ፕሮቲን የተጫነው ዓይነት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ተማሪዎቹ ከሁሉ በላይ የተከራከሩት ስለ ዋጋ ነው። እንዲህ ያለው መድኃኒት ውድ ነው፤ ካላ አዛር ደግሞ በብዛት የሚይዘው ድሃውን ነው። ክርክሩ አልተቋጨም፤ እኔም ላስቆመው አልፈለግሁም።

ችግኝ ተከላውና የጥያቄና መልስ ውድድሩም እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። በወላጆች ቀን ብዙ ሰው የሳበው የሌዘሩ ማሳያ ነው። ጨረሩ በጨው ውሃ ውስጥ ሳይታይ ያልፋል፤ ጠብታ ወተት ባለበት ውሃ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የወተቱ ደቃቅ ቅንጣቶች ብርሃኑን ስለሚበትኑት።

በመጪው ዓመት እርዱን በወተት፣ በዘይትና በእንቁላል አስኳል እናወዳድራለን። መመዝገብ የምትፈልጉ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራ ታገኙናላችሁ። የማጣሪያ ወረቀት ሊለግሰን የሚችል ወላጅ ካለ በጣም ያስፈልገናል።