ደመወዝ የሚከፈልበት ወሬ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጅማም ዝናቧን አላቋረጠችም።

ባለፈው በስልክ «ወሬ ለማስተማር ነው ደመወዝ የሚከፍሉህ?» ስትዪኝ ሳቅሁ። ሳልመልስልሽ ካርዴ አለቀ። ይኸው አሁን ልመልስ። የማስተምረው «ኮሙኒኬሽን» ይባላል፤ መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚደርስ ማለት ነው።

የማስተምርበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲወርድ አፌ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፄ አይሰማም። ክላውድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር፤ የስልክ ኩባንያ ሠራተኛ። እንደ ፈረንጆቹ በ1948 መልእክት ከላኪው ተነስቶ ተቀባዩ ዘንድ እስኪደርስ የሚሆነውን በሒሳብ ጻፈ። መንገድ ላይ ገብቶ መልእክቱን የሚያበላሸውን ነገር «ኖይዝ» ይሉታል። ሌላ ቦታ ለማስረዳት ስዕል ይሳላል። እኔ ጣቴን ወደ ጣሪያው ብቻ ነው የምቀስረው።

የሚከብደው ተማሪዎቹ ሰው ፊት ቆመው እንዲናገሩ ማድረግ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነዋ። አንዱ ከገጠር የመጣ ልጅ ፊታችን ቆሞ ላብ አጠመቀው። «በቃ መጀመሪያ በኦሮምኛ ንገረን» አልኩት። አያቱ ቡና ቀላ ስትሠራ ነገረን፤ ፍሬው ከነገለፈቱ በቅቤ ሲቁላላ፣ ቤቱ ሲሸት። እጁ ሁሉ ተናገረ። ቋንቋው ያልገባቸው እንኳ ሳቁ። በሳምንቱ ያንኑ በእንግሊዝኛ አቀረበው። ሰዋስውን ገደል ከተተው፣ እኔም ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። ባልደረቦቼ ይህን አይወዱልኝም፤ ይቅር።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ማክሰኞ «ደህና ነኝ» ብለሽ ዝም አልሽ። ሌላ ጊዜ ከ«ደህና ነኝ» ቀጥሎ ዶሮዎችሽ ይመጣሉ፣ እድሩ ይመጣል፣ የጤፍ ዋጋ ይመጣል። ዝምታም መልእክት ነው እያልኩ ስለፈልፍ የምውል ሰውዬ፣ ያንን ሳልሰማ ስልኩን ዘጋሁ። ጉልበትሽ ማበጡን ከጎረቤት ሰማሁ። አፈርኩ፣ እማዬ።

አንተ ይህን የምታነብላት ልጅ፣ «ዝለለው» ብትልህም እንዳትዘል፦ ፈተና አርሜ እንደጨረስኩ መጥቼ ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። እምቢ ማለት የለም።

ተማሪዎቼን ይዤ ጅሬን ወጥቼ ነበር፤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልናይ። ስንመለስ የጅማ በርጩማ ገዛሁልሽ። ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ። ስትነሺ እንዳይከብድሽ ከፍ ያለውን መረጥኩ።

ለመሆኑ የሚያምሽ ስትቀመጪ ነው ስትነሺ? ለልጁ ንገሪው፤ እሱ ይጻፍልኝ።

ልጅሽ፣ ከጅማ